የገብረ ኪዳን ወንበር

ቃጭሉ ተንቃጨለ። ይትባረክ ገና ከአዳራሹ ውጭ፣ ከዋርካው ሥር ነበር። ድምፁን ሲሰማ እግሩ እንደ ረፈደበት ተማሪ በራሱ ጊዜ ፈጠነ። የሚያሳፍረው ደግሞ ቃጭሉን መደወል የነበረበት እሱ መሆኑ ነው፤ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆኖ ከተመረጠ አራተኛ ወሩን ይዟል።

ቃጭሉ ግን አሁንም ከኮሚቴው ሽማግሌዎች አንዱ በሆኑት በአያ ገድሉ እጅ ነው። የሰጧቸው ሟቹ ፕሬዚዳንት አቶ ገብረ ኪዳን ናቸው። ሌላው ማኅበር ሊቀ መንበር ሲኖረው ይህ የጣና ዳር የጀልባ ባለቤቶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ያለው፣ እሳቸው ሊቀ መንበር መባል አንሷቸው ነው። ሃያ ዓመት ገዙ፤ ከሞቱ ሁለተኛው ክረምት ቢያልፍም መግዛቱን አልተዉም። «ወግ አጥባቂ ነኝ» ይሉ ነበር። ያጠበቁትን ወግ ግን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ሴት የጀልባ መሪ አትይዝም፤ ቃጭል ሳይደወል ከስብሰባ የሚወጣ የለም፤ ይህንንም የሚጠብቁ ሦስት ሽማግሌዎች እስከ ዕለተ ሞታቸው በኮሚቴው ይቀመጣሉ። ሦስቱንም የመረጧቸው እሳቸው ናቸው። ሦስቱም፣ እግዜር ይመስገን፣ ጤነኞች ናቸው።

ይትባረክ ገብቶ እንደ ወትሮው ዝቅ ያለችው ዱካ ላይ ቁጢጥ አለ። የፕሬዚዳንቱ ወንበር አጠገቡ ባዶውን፣ የሟቹን ጋቢ ለብሶ ተቀምጧል። «ዱካ ላይ የምቀመጠው ለጊዜው ነው፤ ሽማግሌ ላለማስቀየም ብዬ ነው» ይላል ለሚስቱ። ሚስቱ ድሮ ትስቅ ነበር፤ አሁን ሰልችቷታል።

ፊት ለፊቱ ሱምያ ተቀምጣለች። አጠገቧ አባቷ ጋሽ ኢድሪስ አሉ፤ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ የሚሄዱት የእሷን ክንድ ይዘው ነው። ጀልባቸው ታስራ ከርማለች። ሱምያ መሪ እንድትይዝ ዛሬ ካልተፈቀደላት ተራቸው ለሌላ ይሰጣል፤ ያ ቤት ደግሞ ከዚያች ጀልባ በቀር መተዳደሪያ የለውም። ይትባረክ ለምርጫ ሲዞር ከደጃቸው ቆሞ፣ «እኔ ከተመረጥሁ ያንን ደንብ በማግስቱ እሽረዋለሁ» ብሎ ነበር። ሱምያም ቃሉን ይዛ ቤት ለቤት ዞራ አስመረጠችው።

አያ ገድሉ ተነሡና ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀሰሩ። እዚያ የደንገል ታንኳ በገመድ ተንጠልጥሏል።

«ይኼ የእሳቸው ታንኳ ነው፤ በእጃቸው የሠሩት። ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ለምን? ስላልተለወጠ!»

«አያ ገድሉ፣» አለች ሱምያ፣ «ደንገል ስንት ጊዜ ይቆያል? የፊተኛውን አይጥ በልቶት፣ ይኼን በግንቦት የሠራነው እኔና አባቴ ነን። ከዚያ በፊት የነበረውንም የሠሩት አባቴ ናቸው።»

«እናውቃለን! ደንገሉ ይለወጣል፤ ታንኳው ግን የእሳቸው ነው።»

«እንግዲያ የእኛም እንዲሁ ይሁና። ያዡ ይለወጥ፤ ጀልባው የአባቴ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። «ወላሂ፣ አፏም ይቀዝፋል!» አሉ ጋሽ ኢድሪስ።

እጅ ወጣ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ተቃወሙ፤ ከአባላቱ የተመረጡት ሦስቱ ደገፉ። የቀረው የፕሬዚዳንቱ ድምፅ ነው።

ይትባረክ ቆመ። ንግግር አዘጋጅቷል፤ ከመሸንቲ እስከ ማክሰኝት የሚወራለት ንግግር። አፉን ሲከፍት ግን ዓይኑ ወንበሩ ላይ አረፈ፤ አረፈና ቀረ። አያ ገድሉ ይህን አዩ። ቀስ ብለው ጋቢውን አንሥተው ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት፤ ቃጭሉንም አስያዙት።

«ተቀመጥ እንጂ፣ ፕሬዚዳንት» አሉት። እስከ ዛሬ «አንተ ልጅ» ነበር የሚሉት።

ተቀመጠ። ወንበሩ የሞቀ መሰለው። ጋቢውም ልክ ሆነለት።

«እንግዲህ...» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አጠራረጉ ሳይቀር የሟቹ ነበር። «እሳቸው ቢኖሩ ኖሮ፣ ነገሩ ጊዜ ይፈልጋል ይሉ ነበር። እኔም ሴትን ንቄ አይደለም። ደንቡ ለጊዜው ባለበት ይቆይ።»

ጋሽ ኢድሪስ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ማነው የተናገረው?» ሲሉ ልጃቸውን ጠየቁ። «ገብረ ኪዳን ሞተ አላላችሁኝም ነበር?»

የሳቀ የለም። ሱምያ ተነሥታ የአባቷን ክንድ ያዘች።

«ወዴት ነው?» አለ ይትባረክ። «ቃጭሉ ሳይደወል!»

ቃጭሉ በእጁ ነበር። ሱምያ ዞራም አላየችው። አባቷን እየመራች፣ በከተማው በኩል ባለው በር ሳይሆን ጀልባቸው በታሰረችበት በሐይቁ በኩል ባለው ወጣች።