እስከ ሰኞ የተያዘ መርዶ

በደብረ ታቦር አገር ሞት ሳይጠራ ይገባል፤ ወሬው ግን ደጅ ይጠናል። ሰው ሞተ ብሎ ሮጦ የሚናገር ባለጌ ነው። ዘመድ ይሰበሰባል፣ የንስሐ አባት ይጠራል፣ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ተከናንበው በር ያንኳኳሉ፤ መርዶው የሚነገረው ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ባለ ሐዘኑ እየበላ እየጠጣ ይከርማል፤ የሚያውቁት ሁሉ ፊታቸውን አሳምረው አብረውት ይስቃሉ። ሰው በድንገት እንዳይሰበር የወጣ ደግ ልማድ ነው። ደግ ልማድ ክፉ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ግን አባቶቻችን አላሰቡበትም።

ውዴ የወንድሟን ሞት የሰማችው ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ገበያው ዳር ባለችው ልብስ መሸጫዋ ውስጥ ነው። ኩዌት ሰው ቤት ሠርታ ባጠራቀመችው ያቋቋመቻት ሱቅ ናት። የደወለው ዋልልኝ ነበር፤ ከወንድሟ ከደሳለው ጋር ተራራ ሊወጣ ኔፓል የሄደው ጓደኛው።

«ውዴ፣ ብቻሽን ነሽ?» አላት።

«ምን ሆነ?»

«ደሳለው ወጥቶ ነበር። ጫፉ ላይ ደርሷል። ሲወርድ ነው የቀረው።»

ይህ ደሳለው የጉና ልጅ ነው። ገብስና ድንች እንጂ ሌላ በማይበቅልበት ቁር ውስጥ አድጎ፣ ሽቅብ ሲሄድ ሌላው ሰው ቁልቁል እንደሚሄድ ይመስል ነበር። አንድ የታሸገ ውኃ ፋብሪካ «ባንዲራችንን ከደመና በላይ» የሚል ነገር አስቦ ወጣት ሲያፈላልግ አገኘው። የሚወጣው ተራራ ጉና ላይ ሌላ ጉና ቢደረብ ነው የሚያክለው። ጃኬት ሰጡት፤ በቀኝ ደረቱ ባንዲራ፣ በግራ ደረቱ የውኃ ጠርሙስ ተሰፍቶበታል። ባንዲራው ውኃውን ሊያስተዋውቅ ይውጣ ወይስ ውኃው ባንዲራውን፣ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ዋልልኝ እያለቀሰ ነገራት። እርሱ ራሱ ከብርዱ ታሞ ከታች ድንኳን ቀርቷል። ደሳለው ጫፉ ላይ ባንዲራውን ይዞ ፎቶ ተነሣ፤ ቀጥሎ የፋብሪካው ስም ያለበትን ጨርቅ ይዞ ተነሣና መውረድ ጀመረ። ከድንኳኑ የፋብሪካው ሰዎች በሬዲዮ መገናኛ፣ ስሙ በደንብ ወጥቷል ወይ ብለው ጠየቁት። ደሳለው መዋሸት አያውቅም፤ ነፋስ ስላጠፈው ግማሹ አልታየም አላቸው።

«‹መልሰህ ተነሣ› አሉት» አለ ዋልልኝ። «ተመልሶ ወጣ። ሁለተኛው ፎቶ ጥሩ ነው። ከዚያ ደመና ገባ። በማግስቱ መንገድ መሪዎቹ በረዶው ላይ ተቀምጦ አገኙት። ካሜራውን ይዘው ወረዱ።»

«እሱንስ?»

የዋልልኝ ለቅሶ ባሰ።

ውዴ ሱቋን ዘግታ እንደልቧ አለቀሰችና ፊቷን ታጥባ ወደ ቤት ሄደች። እናቷ አማረች እዚያው ናት። ሬዲዮ «ኢትዮጵያዊው ወጣት ሰንደቃችንን ሰቀለ» ካለ ወዲህ ፋብሪካው በመኪና ከጉና አምጥቷታል፤ ሰኞ፣ በሰንደቅ ዓላማ ቀን፣ አደባባይ ላይ ልትሸለም። አማረች ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ስትስቅ ታይታ አትታወቅም። ባሏ ሲሞት ሁለቱን ልጆች በገብስ ጠላና በበግ ሽያጭ ያሳደገች ሴት፣ አሁን ጎረቤት እየመጣ «የጀግናው እናት» ይላታል።

«ዐይንሽ ምን ሆነ?» አለቻት ውዴን።

«ጉንፋን ነው፣ እማ።»

ቅዳሜ ጠዋት አጎቷ አያ ይሻው ከጉና ወረዱ። የአማረች ታላቅ ወንድም ናቸው፤ መርዶ መንገር የእርሳቸው ድርሻ ነው። ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው ተመካከሩ፦ እሑድ ጎህ ሲቀድ፣ የንስሐ አባቷ መምሬ ፈንታሁን ባሉበት። አማረች ደም ግፊት ስላለባት ሐኪም ቅርብ ይሁን ተባለ። እንደ ወጉ ነው፤ ማንም አልተሳሳተም።

ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዎች ሱቁ ገቡ። አንዱ የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ምትኩ ነው፤ ሌላዋ ፍሬሕይወት የምትባል፣ የፋብሪካው የማስታወቂያ ኃላፊ፣ ከአዲስ አበባ የመጣች። ምትኩ ቆብ አውልቆ ሐዘኑ የአገር ሐዘን መሆኑን፣ ደሳለውም ለገጽታ ግንባታ የከፈለው ዋጋ የማይረሳ መሆኑን ተናገረ። ይህን ሁሉ ሲናገር ዐይኑ አንዴ እንኳ እርጥብ አልሆነም። ከዚያ ወደመጣበት ጉዳይ ገባ።

«መርዶው ከሰኞ እንዲያልፍልን እንለምናለን» አለ። «ከላይ እንግዶች ይመጣሉ። በዓሉ ወደ ለቅሶ ከተለወጠ ጠላት ምን ይላል?»

«የትኛው ጠላት?» አሉ አያ ይሻው። «የእኅቴን ልጅ የገደለውን ነው የምትለኝ?»

«አያ፣ እርስዎ የበሰሉ ሰው ነዎት። እኛ ውሸት አልተናገርንም። ወጥቷል እኮ። ባንዲራው ተሰቅሏል።»

«መውረዱንስ?»

አያ ይሻው በትራቸውን እያዩ፣ «የጨው ተራራ ሲናድ ብልኅ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። እናንተ ሞኝ እንኳ አይደላችሁም፤ ብቻ ትልሳላችሁ» አሉ።

ያን ጊዜ ፍሬሕይወት ወንበሯን ወደ ውዴ አስጠጋች። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር።

«አስከሬኑን ፋብሪካው ያስመጣል» አለች። «ሙሉውን ወጪ እኛ እንችላለን። እዚሁ፣ አባቱ ጎን ይቀበራል። ሰኞ ይለፍልን ብቻ። ከሰኞ በፊት ለቅሶ ከተሰማ ግን ጉዳዩ ከእጄ ይወጣል፤ ማን እንደሚያወርደው አላውቅም።»

ውዴ ኩዌት ሳለች አንዲት የጋይንት ልጅ ከፎቅ ወድቃ ሞታ፣ የሚረከባት ጠፍቶ ሆስፒታል ማቀዝቀዣ ውስጥ ስትከርም አይታለች። የልጅቷን እናት ድምፅ በስልክ የሰማችው ውዴ ነበረች። «ብቻ አፈሯን ልየው» ይሉ ነበር ሴትዮዋ። ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዋ ውስጥ አለ። አሁን ደሳለው በረዶ ላይ ተቀምጦ ታያት፤ ጭንቅላቱን ያዘነበለ፣ የሚገንዘው ሰው የሌለው።

ቀና ብላ አጎቷን አየች። እርሳቸውም አዩዋት።

«የሬሳ ነገር ከሆነ እኔ አልፈርድም» አሉ። «እናትሽ ናት፣ ወንድምሽ ነው። አንቺ እወቂ።»

«እማ አደባባይ አትወጣም» አለች ውዴ። «ታማለች እላለሁ።»

«ያለ እናቱማ ምን በዓል ይሆናል?» አለ ምትኩ። «ሁሉ ሰው እርሷን ነው የሚጠብቅ።»

ፍሬሕይወት ጠበቀች። መጠበቅ የምታውቅ ሴት ነበረች።

«እስከ ሰኞ» አለች ውዴ።

እሑድ ወሬው ከተማውን አዳርሶ አደረ። የዋልልኝ ዘመዶች ሰምተዋል፤ ከእነርሱ የገበያው፣ ከገበያው የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሰማ። ለአማረች የነገራት ግን የለም፤ መርዶ ነጋሪው ሳይናገር ማን ደፍሮ ይናገራል? ቅዳሴ ሲወጣ ሴቶቹ አማረችን እያቀፉ ቶሎ አይለቋትም ነበር። አንዷ ትከሻዋ ላይ ተንሰቀሰቀችና «ደስ ብሎኝ ነው» አለቻት። አማረችም አመነች። ደስ ያለው ሰው ሌላውም ደስ ያለው ይመስለዋል። ማታ ላይ ለሰኞ የምትለብሰውን ቀሚስ እያጠፈች፣ «ሲመጣ በጋውን እዚሁ አስቀምጠዋለሁ፤ ዳግመኛ ተራራ የሚባል አላሳየውም» አለች። ውዴ ውኃ ልትቀዳ ብላ ወጣች።

ውዴ ያን ሌሊት ልትነግራት ሁለት ጊዜ ተነሥታ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ወንድሟ በረዶው ላይ ተቀምጦ ይታያትና መልሳ ትተኛለች። ይህን ማንም አላየላትም፤ ቢያይላትም የሚለውጠው ነገር የለም።

ሰኞ አደባባዩ ጢም ብሎ ሞላ። ከመድረኩ በላይ የደሳለው ምስል ተሰቅሏል፤ ጫፉ ላይ ቆሞ፣ የፋብሪካውን ጨርቅ በሁለት እጁ ወጥሮ። ሁለተኛው ፎቶ ነው። የፋብሪካው ስም አንድ ፊደል ሳይጎድል ይነበባል። እርሱ ግን ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ፈገግ ለማለት ሞክሮ አልሆነለትም። መምሬ ፈንታሁን በጸሎት ከፈቱ። እንግዶቹ ተናገሩ፤ አንዱ ስለ ዕድገት፣ ሌላው ስለ ጀግንነት፣ ሦስተኛው ስለ ሁለቱም። የታሸገ ውኃ በነጻ ታደለ። ሕዝቡ ጠጣ፣ አጨበጨበ፣ አማረችን አየና አንገቱን ሰበረ።

ምትኩ ማይክራፎኑን ለአማረች ሰጣት። አንድ ቃል እንድትናገር ብቻ ነበር የታሰበው። እርሷ ግን በሰርግ ቤት ስትገጥም የኖረች ሴት ናት፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረችና ግጥም አወጣች።

ደመናውን ረግጦ ወጥቷል አሉኝ ልጄ፣
ውረድልኝ እንግዲህ ልቀፍህ በእጄ።

ከፊት የነበሩት ሴቶች ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። አንድ ሽማግሌ ዞሮ ሄደ። አማረች ግን ትከሻዋን ሰበቀች፣ ዘለለች፣ ደግማ ገጠመች። የፋብሪካው ካሜራ በዙሪያዋ ይሽከረከራል። እየጨፈረች ወደ ልጇ ዞረች።

«ምነው ቆምሽ? እልል በይ እንጅ!» አለቻት።

ውዴ እልል አለች። አጨበጨበችም። ሕዝቡ እርሷን ሲያይ የተፈቀደለት መሰለውና እልልታውን አቀለጠው፤ አያ ይሻው ጥግ ላይ ቆመው እጃቸውን ለጭብጨባ ሲያገናኙ ውዴ አየቻቸው። በዓሉ አማረ። ምትኩ ላቡን ጠረገ።

ሕዝቡ ሲበተን ውዴ ምትኩንና ፍሬሕይወትን መኪናው ጋ ደረሰችባቸው። ፍሬሕይወት ገብታ በሩን ዘግታለች።

«አስከሬኑ መቼ ነው የሚነሣው?» አለች ውዴ።

ምትኩ ፍሬሕይወትን አየ፤ እርሷ በመስኮቱ ወደ ሌላ ወገን ታያለች።

«ከዚያ ከፍታ አስከሬን ማውረድ አይቻልም ብለው ከኔፓል ጽፈውልናል» አለ። «የሰው ሕይወት ይጠፋል አሉ። እኛ ሞክረናል፣ እኅቴ።»

«መቼ ነው የጻፉላችሁ?»

ምትኩ የመኪናውን ቁልፍ በእጁ አገላበጠ። «ዓርብ» አለ።

ውዴ አልጮኸችም። ብትጮህ እናቷ ትሰማለች፤ እናቷ ሃያ እርምጃ ላይ ቆማ የሰው እጅ እየሳመች ነበር። ፋብሪካ ሠርቶ ሲሸጥ፣ ሹም ሲያወራ፣ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ያንገበገባት እርሷው መፈረሟ ነው። ያለ ወረቀት ፈርማለች፤ ሽጣለች፤ የሸጠችበትንም አላገኘችም።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። አያ ይሻው፣ መምሬ ፈንታሁን፣ ጎረቤቱ፣ የሰፈሩ ዕድር፣ ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ ገባ። አማረች መደብ ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ አየቻቸው። መምሬ መስቀላቸውን ይዘው «ኵሉ ኃላፊ ውእቱ፤ ሁሉም ኃላፊ ነው» ብለው ሲጀምሩ አቋረጠቻቸው።

«ደሳለው ነው?»

ሴቶቹ ዋይ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እጇን አነሣች።

«መቼ?»

አያ ይሻው መሬት መሬት አዩ። «ረቡዕ ማታ ነው ይላሉ። በረዶ ላይ።»

አማረች ከረቡዕ ወዲህ ያለውን በልቧ ስትቆጥር ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ሰኞ ላይ ስትደርስ ቆመ። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች።

«አንቺ ከመቼ አወቅሽ?»

«ከዓርብ።»

«ሰኞ ጎኔ ቆመሽ ነበር።»

«ነበርሁ፣ እማ። ሬሳውን እናመጣለን ብለውኝ ነው። እንድትቀብሪው ብዬ ነው።»

«ይመጣል?»

«አይመጣም።»

አማረች ተነሥታ ቆመች። ስታለቅስ ለመቀበል የተዘጋጁት ሁሉ ተጠጉ፤ እርሷ ግን አላለቀሰችም። ፊታቸውን እየዞረች አየችው፤ በየፊቱ ላይ የሰኞን አደባባይ ታነብ ነበር።

«አደባባይ የነበራችሁ ውጡልኝ» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ያልነበረ ካለ ይቀመጥና ያልቅስልኝ።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያልነበረ አልነበረም። መጀመሪያ መምሬ ፈንታሁን መስቀላቸውን ሳያሳልሙ ወጡ። ቀጥሎ ጎረቤቶቹ፣ ቀጥሎ ዕድርተኛው፤ በመጨረሻ አያ ይሻው በትራቸውን አንሥተው ወጡ። ውዴ ብቻ ቀረች።

«እኔ ልጅሽ ነኝ፣ እማ። ወንድሜ ነው።»

«እልል ብለሻል?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው ውጭ።»

ውዴ ወጣች። እናቷ በሩን ከኋላዋ ቀረቀረችው። ግቢው በሰው ሞልቷል፤ የሚቀመጥም የሚሄድም ጠፍቶ ሁሉም እንደ ቆመ ቀረ። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ የአማረች ድምፅ «ደሳለው፣ ኧረ ደሳለው» ሲል ተሰማ፤ ለቅሶ አውራጅ እንደሚያደርገው ተቀባይ የሚጠብቅ ይመስል ዝም አለና ብቻውን ቀጠለ። ውዴ ልትቀበላት አፏን ከፈተች፤ ከዚያ መልሳ ዘጋችው።