ላልቶ የሚነበብ

ማስታወቂያው በወጣቶች ማዕከሉ በር ላይ በማጣበቂያ ተለጥፎ ነበር፦ «ለዋና ተወዳዳሪዎች በሙሉ፤ ምዝገባ ዛሬ ያበቃል። ቢሮ ቁጥር ሦስት።»

ልጅቷ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። በማዕከሉ የጥያቄና መልስ ቡድን ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ተጠባባቂ ሆና ከርማለች። ተጠባባቂ ማለት መልሱን የሚያውቅ፣ ነገር ግን እንዲናገር የማይፈቀድለት ሰው ነው። የተሰለፉት ሲሳሳቱ ምላሷን ነክሳ ትቀመጣለች፤ ሲያሸንፉ ታጨበጭባለች። ታላቅ ወንድሟማ ስሟን ትቶ «ተጠባባቂ» ማለት ከጀመረ ሰንብቷል። «ተጠባባቂ፣ በሩን ክፈቺ!» ይላታል፤ ትከፍታለች።

ስለዚህ «ዋና» የምትለዋን ቃል ስታይ ልቧ ዘለለ። «ና»ዋን ጠበቅ አድርጋ አነበበቻት። ፊደል እንደሆነ የጠበቀውንም የላላውንም አንድ አድርጎ ይጽፍና ፍርዱን ለአንባቢ ትቶ ይሄዳል፤ አንባቢ ደግሞ የተጻፈለትን ሳይሆን የተመኘውን ያነባል።

ቢሮ ቁጥር ሦስት የተቀመጠው መዝጋቢ ቀና እንኳ ሳይል ጠየቃት።

«ልምድ አለሽ?»

«ሁለት ዓመት ተጠባባቂ ነበርኩ።»

«ጎበዝ። አጭር ነው ረዥም የሚሻልሽ?»

ስለ መልስ የጠየቃት መሰላት። «አጭር። አጭርና ግልጽ።»

«ሁሉም ሲገባ እንደዚያ ነው የሚለው፤ መሃል ላይ ሲደርስ ነው የሚጨንቀው።»

«እኔን አይጨንቀኝም» አለችና ፈረመች።

ቤቷ የደረሰችው እየሮጠች ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎኑን ለስፌት መኪናዋ ለቃ፣ ቤተሰቡ በተረፈው ጥግ ይኖራል። «እማዬ! ዋና ተወዳዳሪ ሆንኩ!» ስትላት እናት በከንፈሯ ይዛቸው የነበሩትን መርፌ ቁልፎች አንድ በአንድ አውጥታ ጨርቁ ላይ ሰካችና፣ ጉንጯን አገላብጣ ሳመቻት። እስኪመሽ ድረስ ልብስ ለመለካት የገባ ደንበኛ ሁሉ፣ ወገቡ ከመለካቱ በፊት፣ የልጅቷን ሹመት ሰማ።

ወንድሟ ብቻ «እስቲ እናያለን» አለ። «የፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው የማይሽ።»

ሰኞ ማለዳ እስክሪብቶና አዲስ ደብተር ይዛ ሄደች። ዘበኛው በጀርባ በኩል ባለው በር አስገባት። የክሎሪን ሽታ አፍንጫዋን ወጋት፤ ከዚያ ገንዳው ታየ፤ ከዚያ አሰልጣኟ፤ አጠር ደልደል ያለች፣ ፊሽካ ከአፏ የማይለይ ሴትዮ።

«ልብስሽስ?» አለቻት፣ ፊሽካውን ወደ ጉንጯ ገፋ አድርጋ።

«የምን ልብስ?»

«የዋና ነዋ!»

አላልታ ነው የተናገረችው። ልጅቷ ደብተሯን አየች፣ ውሃውን አየች። «ታዲያ… ጥያቄው ከየትኛው ትምህርት ነው የሚወጣው?»

«የምን ጥያቄ?»

ነገሩ ሲገባት አሰልጣኟ ሳቀች። ፊሽካው አፏ ውስጥ ስለነበር ሳቋ እየተንጫረረ ወጣ፤ ገንዳው ውስጥ ያሉት ልጆች በሙሉ ባሉበት ቀጥ ብለው ቆሙ።

«በቃ፣ ስምሽን ልሰርዘው» አለች ዕንባዋን እየጠረገች።

ልጅቷ «እሺ» ልትል አፏን ከፈተች። ግድግዳው ላይ የተወዳዳሪዎቹ ዝርዝር ከነውድድሩ ቀን ተለጥፏል። አራተኛው ተራ ላይ ስሟ ከነአባቷ ቁጭ ብሏል፤ ከጎኑ በቅንፍ «ተጠባባቂ» የሚል ነገር የለም። ስሟን ያለ ቅንፍ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

«ለውድድሩ በቀረው ስድስት ሳምንት መማር ይቻላል?»

«መስጠም በአንድ ቀን ይቻላል» አለች አሰልጣኟ። «መዋኘት ትንሽ ይቆያል። ሃያ አምስት ሜትር ናት። ከጎንሽ የተዘረጋውን የመስመር ገመድ ከያዝሽ ግን ወድቀሻል።»

ጀማሪዎቹ ሁሉ የስምንት ዓመት ልጆች ነበሩ። በመካከላቸው ስትቆም ውሃው ለእነሱ አንገት፣ ለእሷ ወገብ ላይ ይደርስ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ የምትፈራው እሷ ናት። አንዲት የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ «እንቁራሪት» የሚሏት ልጅ አዘነችላት።

«እትዬ፣ አትታገይው። ዝም ብለሽ ተኚበት።»

«ከሰጠምኩስ?»

«እኔ አወጣሻለሁ» አለች እንቁራሪት፤ ቁመቷ እስከ ልጅቷ ክርን ነው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ውሃ ጠጣች። በሦስተኛው አንድ ቀን ጀርባዋን ሰጥታ ተኛች፤ ጆሮዋ ውሃ ውስጥ ገባ፤ የዓለም ጫጫታ ጠፋ፤ እግሯ ከወለሉ ተነሣ። ተንሳፈፈች! ደስታው ሳቅ ሆኖ መጣባት፤ ስትስቅ ሰጠመች፤ እያሳላት ወጥታ «ድጋሚ! ድጋሚ!» አለች።

ቤት ውስጥ ግን ውሸቷ ቀጥሏል፤ የቆመውም «ና»ን በማጥበቅ ላይ ብቻ ነበር። «ጥያቄና መልስ ነው ጸጉር እንዲህ የሚያርሰው?» ሲል ወንድሟ፣ «ጥያቄው ከባድ ነው፤ ያልባል» ትለዋለች።

በአምስተኛው ሳምንት እናቷ ጠራቻት። ለመድረኩ ብላ ነጭ ሸሚዝ እየሰፋችላት ኖሯል። «ነይ፣ አንገቱን ልለካሽ። ሰው ሁሉ ፊት ነው የምትቀመጪው።» ልጅቷ ሸሚዙን አየች።

«እማዬ፣ ዋና አይደለም። ዋና ነው።»

ወረቀት ላይ አንድ ናቸው፤ እናትየው ጆሮ ላይ ግን አንድ አልነበሩም። እግሯ ከመርገጫው ላይ ተነሣ።

«ውሃ?»

«ውሃ።»

«አንቺ? ስትጠጪው እንኳ ትን የሚልሽ?» መለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣለች። «ተሰረዝሽ ታዲያ?»

«አልተሰረዝኩም። አልፈልግም።»

እናት፣ መቀስ ከማስገባቷ በፊት ጨርቅ እንደምታይ አድርጋ ልጇን አየቻት። «እንግዲያው ከገንዳው ዳር ንቅንቅ አልልም» አለች። «ንቅንቅ!»

የውድድሩ ቀን አምስት ሆነው ተሰለፉ። ፊሽካው ሲነፋ አራቱ ተወረወሩ፤ እሷ ወደቀች። እጇን፣ እግሯን፣ ትንፋሿን እየቆጠረች ገፋች። እኩሌታው ላይ ውሃ በአፍንጫዋ ገባ። ዓይኗ ተቃጠለ፤ ገመዱ ክንድ በምታህል ርቀት ላይ ነው፤ ቀይ፣ ቅርብ፣ ደግ ገመድ። እጇ በራሱ ወደዚያ ሄደ። ከዳር አንድ ድምፅ «ተንፍሺ! ተንፍሺ አንቺ ልጅ!» ይላል፤ ድምፁ አብሯት ይሄዳል። ፊቷን አዞረች፣ አየር ሳበች፣ እጇን ከገመዱ መልሳ ወደ ፊት ዘረጋችው። ድጋሚ። ድጋሚ። ጣቷ የማዶውን ግድግዳ ነካ።

ቀና ስትል ሌሎቹ ፎጣ ለብሰው ቆመዋል። ሰዓት ያዡ ወረቀቱን አጥፏል።

«ደርሰሻል! ውጪ፣ አልቋል!» አለች አሰልጣኟ።

ልጅቷ እያሳላት ትስቃለች። ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ነው የሚመታው። «ወደዚያስ ስንት ነው?»

«ያው ሃያ አምስት ነዋ!»

እግሮቿን ግድግዳው ላይ ተከለች። እናቷ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሶ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች ገና መድረሷ ነበር።

«ኧረ አንቺ! ቆይ እንጂ፣ እኔ ልረፍ!»

ልጅቷ ግድግዳውን ገፍታ ሄደች፤ እናት ዞራ ሩጫዋን ጀመረች።