ዲስኩን አጽዳ

«ዲስኩን አጽዳ» የሚለውን ስትጫን ሀጂራ ቢስሚላህ ብላ ነበር። ኮምፒውተሩም ዝም ብሎ አልታዘዘም፤ ትንሽ መስኮት ከፍቶ ጠየቃት። «በዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይወገዳል። ይቀጥል?»

«ይወገድ እንጂ!» አለች ጮክ ብላ፣ ቤት ውስጥ ማንም ሳይኖር።

ዲስኩን ላየው ሰው እውነቷን ነበር። የሚያበራው ፊቱ የጣት ይሁን የምን ባልታወቀ ቅባት ተለቅልቋል። ጠዋት ኮፒ ልታደርገው ብታስገባው ግማሽ ድረስ ደህና እየሄደ ቆይቶ «ማንበብ አልተቻለም» ብሎ ተፋው። አውጥታ ባሏ ቡሽራ እንዳስተማራት በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር እያደረገች ጠረገችው። አሁንም ተፋው። እልህ ያዛት። የፕሮግራሙን ትእዛዞች ከላይ እስከ ታች እያነበበች ስትወርድ ነው «ዲስኩን አጽዳ» የሚለውን ያገኘችው። ለካ ማሽኑ ራሱ ያጸዳል! ሰው በጨርቅ ይለፋል እንጂ!

ማጽጃው ሁለት ምርጫ ነበረው፤ «ፈጣን» እና «ሙሉ»። ሀጂራን የሚያውቅ ሰው የቱን መረጠች ብሎ አይጠይቅም። ምስር ስትለቅም መጨረሻ ላይ አንዲት ጠጠር ካገኘች ሰፌዱን ገልብጣ እንደ አዲስ የምትጀምር ሴት ናት። የጥድፊያ ሥራ ያማታል። «ሙሉ»ን መረጠች፣ ከወንበሩ ተነሳችና ልብስ ልትዘፈዝፍ ወጣች።

ቡሽራ በሰፈሩ የሚታወቀው «ቡሽራ ሲዲ» በሚለው ስሙ ነው። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ የነበረችው ሱቁ ከፈረሰች ወዲህ ቸርችል ጎዳና ላይ ተቀጥሮ ሞባይል ይጠግናል፤ ኮምፒውተሩን ግን ልቡ አልቆርጥ ብሎት እሪ በከንቱ ወዳለው ቤቱ አምጥቶ ከቁም ሳጥኑ ጎን ተከለው። ዲስክ የያዘ ሰው እየጠፋ ነው። ዘመኑ የፍላሽና የስልክ ሆኗል። ቢሆንም አልፎ አልፎ የሠርግ፣ የክርስትና፣ የምርቃት ዲስኩን በወረቀት ጠቅልሎ «የትም ብሄድ በፍላሽ አምጣ አሉኝ» የሚል ሰው በራቸውን ያንኳኳል። ቡሽራ ሥራ ስለሚውል ሙያውን ለሀጂራ አስተማራት። ፕሮግራሙ በነጻ የወረደ ነው፤ ይለፍ ቃል አይጠይቅ፣ ጊዜህ አልቋል ብሎ አይነዘንዝ። እሷ የወደደችው ግን አማርኛ መናገሩን ነው። በእንግሊዝኛው ስትደናበር ያየ ባሏ አንድ ቀን ቋንቋውን ቀየረላትና «ይኸው፣ ሐበሻ ሆነልሽ» አላት። ከዚያ ወዲህ የሚላትን ሁሉ ታምነዋለች። በገዛ አፏ ቋንቋ የሚያናግራትን ለምን ትጠርጥር?

ዲስኩ ደግሞ የማንም ዲስክ አይደለም፤ የእትዬ ሰርክአዲስ ነው። እትዬ ሰርክአዲስ፣ ሁለቱ ቤተሰብ የሚኖሩበት የድሮው ግቢ ሳይፈርስ በፊት፣ የግድግዳ ጎረቤታቸው ነበሩ። ሀጂራ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እናቷ ከወሎ መምጣት ስላልቻሉ ያረሷት እሳቸው ናቸው። ገንፎዋን ያገነፉት፣ ሕፃኑን ያጠቡት፣ ሌሊት ሲያለቅስ ነጠላቸውን ጣል አድርገው የመጡት እሳቸው ናቸው። አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው፣ ቃለጽድቅ። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ደመወዙን በወጉ እንኳን ሳይበላ መኪና ገጨው። ዲስኩ ላይ ያለው የምርቃቱ ድግስ ነው። ቃለጽድቅ ይስቃል፣ ይጨፍራል፣ መጨረሻ ላይ እናቱን አንገታቸውን አቅፎ ንግግር አደርጋለሁ ይልና ሳይጨርስ ያለቅሳል። ሀጂራም አለችበት፤ ከጀርባ ቆማ እልል ትላለች። ከዚህ ሌላ ድምፁ ያለበት ነገር የለም። ቪዲዮውን ያነሳው ሰው ቤቱን ዘግቶ ከጠፋ ቆይቷል።

እሑድ የልጁ ሰባተኛ ሙት ዓመት ነው። ፈረሳ የበታተናቸው ጎረቤቶች እትዬ ሰርክአዲስ በዕጣ የደረሳቸው የከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ድረስ ይመጣሉ፣ ቪዲዮውም ይታያል። ለእህቱ ለኤደንም አንድ ቅጂ ሊሰጣት ነው። ትናንት እትዬ ሰርክአዲስ ዲስኩን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው በሀጂራ መዳፍ ላይ ሲያስቀምጡ «ለሰው አላምነውም፤ ላንቺ ነው» ብለዋት ነበር።

ልብሱን ዘፍዝፋ ስትመለስ ማሽኑ ገና እያጸዳ ነበር። ሽንኩርት ልጣ ስትመለስም ገና ነበር። «አይዞህ፣ በደንብ አጽዳ» አለችው። በስተመጨረሻ ምላሱን አውጥቶ ዲስኩን ሲያቀብላት ደስ አላት፤ መስታወት መስሏል። መልሳ አስገባችው።

«ባዶ ዲስክ ገብቷል።»

አወጣችው፣ እፍ አለችበት፣ አስገባችው። ባዶ። ደክሞት ይሆናል ብላ ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው። ባዶ። ስልኳን አነሳች።

«ቡሽራ፣ ዲስኩ ባዶ ነው እያለኝ ነው።»

«የትኛው ዲስክ?»

«የቃለጽድቅ።»

«ምን አደረግሽው?»

«ቅባት ነበረበት፤ አጸዳሁት።»

«በምን?»

«መጀመሪያ በጨርቅ። አላነብ ሲል በማሽኑ።»

ከቡሽራ ኋላ የታክሲ ረዳት ሲጣራ ይሰማል። ስልኩ ሳይሰናበታት ተዘጋ።

ሲገባ ጫማውን እንኳን አላወለቀም። ዲስኩን አይቶ ጫፉ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበና ዓይኑን ጨፈነ። ተመልሶ የሚጻፍበት ዓይነት ነው። ተራ ዲስክ ቢሆን ማሽኑ እምቢ ይላት ነበር።

«አጽዳ ማለት እኮ ደምስስ ማለት ነው፣ ሀጂራ።»

«ታዲያ ደምስስ አይልም?» ድምጿ ቀጠነ። «አማርኛ አጥቶ ነው? አጽዳ አለኝ፣ አጸዳሁ! ቆሻሻ ነው የሚጸዳው፤ ሰው ይጸዳል እንዴ?»

«የተረጎሙት ልጆች በነጻ ነው የሠሩት፤ እንዲህ ይሆናል ብለው አይደለም።» ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ፈጣኑን ነው የመረጥሽው? ፈጣኑ ከሆነ ማውጫውን ብቻ ነው የሚያነሳው፤ ከሥር ያለውን የሚያወጣ ሰው አላጣም።»

ሀጂራ የሻርፗን ጫፍ አፏ ውስጥ አስገብታ ነከሰች።

«ሀጂራ?»

«ሙሉውን።»

«ያ ረቢ!» አለ፤ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ ፈለገ። ፕሮግራሙ ኮፒው ሲቋረጥበት የጀመረውን ፋይል ራሱ ይጥለዋል። ምንም አልነበረም። ሀጂራ ከኋላው ቆማ ጣቶቹን እያየች «አገኘህ?» ትለዋለች፤ ሳይመልስላት እንደገና «አገኘህ?» ትለዋለች። ልጅ መስላ ነበር። አሳዘነችው፤ ተናደደባትም፤ ቋንቋውን የቀየረ እጁንም ጠላው።

«ስሚኝ» አላት በመጨረሻ። «ዲስክ ዕድሜ አለው። አርጅቶ ይሞታል፤ ይኼን የማያውቅ የለም። ስናስገባው ሞቶ ነበር እንላለን።»

«ዋሽተን?»

«እውነቱ ልጁን ይመልስላቸዋል? አይመልስም። አንቺን ነው የሚያሳጣቸው፣ አንቺም እሳቸውን ታጫለሽ። እናትሽ ናቸው እኮ። አንቺ አትናገሪ፤ እኔ እናገራለሁ።»

ሀጂራ ጫፉን ስትነክስ የቆየችውን ሻርፕ ከአፏ አውጥታ ራሷን ነቀነቀች። እሺ አለች። እሳቸውን ማጣት ከሁሉ አስፈራት። ከባሏ ቀጥሎ «በላሽ ወይ?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ከዚያ ሁሉ ርቀት እንኳን ይደውላሉ።

እትዬ ሰርክአዲስ ከሰዓት በኋላ ብርቱካን በፌስታል ይዘው መጡ።

«ቤቶች! ኧረ ያ ታክሲ አጥንቴን ሰባበረው!» ገና ከበሩ ነው። «እናንተ ሰዎች እዚህ ስላላችሁ ነው እንጂ ይሄን ሰፈር ማየትስ አልፈልግም፤ ቤቴ የነበረበትን ሳላይ ልለፍ ብዬ በዚያ በኩል ዞሬ መጣሁ። ሀጂርዬ፣ ከሳሽ ልበል? ደረሰልኝ?»

«ይቀመጡ እስቲ መጀመሪያ» አለ ቡሽራ።

«ምነው? ምን ሆነሃል አንተ? ፊትህ ልክ አይደለም።»

«እትዬ፣ ዲስኩ አርጅቷል። ስናስገባው አላነብ አለ። ዲስክ ሲያረጅ ውስጡ ያለው ይጠፋል።»

«ይጠፋል ማለት?»

«የለም ማለት ነው።»

አላለቀሱም። እጃቸውን ዘረጉ፣ ቡሽራ ዲስኩን ሰጣቸው። ወደ መስኮቱ አዙረው ቀስተ ደመናው ሲመላለስበት አዩት።

«ይኸው ያበራል እኮ» አሉ። «እንዲህ አብርቶ አያውቅም። ማነው ያጸዳልኝ?»

ቡሽራ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ» አለች ሀጂራ ከጓዳው በር።

«ተባረኪ።»

ሀጂራ የበሩን ጉበን ያዘች።

እትዬ ሰርክአዲስ ዲስኩን ጭናቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው ጀመሩ።

«እኔ ነኝ። ዕቃ ስናጓጉዝ ማጫወቻው ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ አይቼው አላውቅም። ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ ሥዕለ ማርያሟን እስምና እሱንም አውጥቼ እስመው ነበር። ይኼን የሚያበራውን በኩል፤ ፊቱ እዚህ ነው እያልኩ። ከንፈሬ ይደርቃል፣ ቅባት እቀባለሁ። ኤደን ‹እማዬ፣ ይበላሻል፣ ተይ› ስትለኝ ‹ልጄን አልሳም?› ብዬ ተቆጣኋት።» የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ከንፈራቸውን መፈተግ ጀመሩ፣ በኃይል፣ እንደሚነቀል ነገር። «በከንፈሬ ጨረስኩት። በገዛ አፌ ልጄን ሁለተኛ ገደልኩት።»

«ኧረ እትዬ! መሳም ዲስክ አያበላሽም!» አለ ቡሽራ።

«ዝም በል፤ ልታጽናናኝ ነው።»

«ወላሂ አያበላሽም!»

«ታዲያ ምን አበላሸው? ዕድሜ? የኤደን የሠርግ ዲስክ ከዚህ ይቀድማል፤ ባለፈው ወር ጎረቤት ቤት ወስደን አይተነዋል፣ ደህና ነው። እሱን ስሜው ስለማላውቅ ነዋ!» ፈተጉት። ከንፈራቸው ቀልቶ ነበር።

ቡሽራ ሀጂራን አያት። አደራሽን የሚል ዓይን ነበር፤ ዝም በይ፣ ያልፍላቸዋል፣ እናጽናናቸዋለን የሚል። ሀጂራ ግን ዓይኗ ነጠላው ላይ ነበር። ጠዋት በጨርቅ የጠረገችው ምን እንደነበረ ገና አሁን ገባት። እኚህ ሴት እስኪሞቱ ድረስ በየማለዳው አፋቸውን ይጠላሉ። የማርያምን ሥዕል ለመሳም እንኳን ይፈራሉ። ዝም ብትል እትዬ ሰርክአዲስ ነገም ይደውላሉ፣ በላሽ ወይ ይሏታል፤ እሷም በልቻለሁ ትላለች።

በሩን ለቀቀችና መጥታ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። ነጠላውን የያዘ እጃቸውን ያዘችው።

«እትዬ፣ ይተዉ። ከንፈርዎ አይደለም።»

«ሀጂራ!» አለ ቡሽራ።

«ዲስኩ ደህና ነበር። ጠዋት ግማሹን አንብቦልኛል። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ማሽኑ አጽዳ ሲለኝ ቅባቱን የሚያጸዳ መስሎኝ ነው።»

እትዬ ሰርክአዲስ ነጠላውን ለቀቁት። ከዚያ እጃቸውን ከሀጂራ እጅ ውስጥ ቀስ አድርገው አወጡት።

«ያነብ ነበር?» አሉ።

«አዎ።»

«ዛሬ ጠዋት? እዚህ ቤት ውስጥ ልጄ ነበረ?»

«ነበረ።»

«እና ሁሉንም አጠፋሽው? ትንሽ እንኳን፣ ድምፁ እንኳን አልተረፈም?»

ቡሽራ በቃሽ የሚል ምልክት ሰጣት። ማሽኑ ነው፣ አላወቅኩም፣ ቸኩዬ ነው ማለት ትችል ነበር። እትዬ ሰርክአዲስም የሚጠጉበት አንድ ሰበብ እንድትሰጣቸው የሚጠብቁ መሰሉ።

«ፈጣንና ሙሉ ብሎ ጠይቆኝ ነበር» አለች ሀጂራ። «ለርስዎ ስለሆነ ሙሉውን መረጥኩ።»