ትራሷ የጠጣችው መድኃኒት

ልብስ ሰፊውን ደንበኞቹ «ሚሊሜትር» ይሉታል። አንድ ጊዜ የሙሽራ ሱሪ ለክቶ ሲጨርስ፣ «ግራ እግርህ ከቀኙ በሁለት ሚሊሜትር ያጥራል፤ እናትህ አልነገሩህም?» ብሎታል አሉ። ሴት ልጁ ይህን ወሬ ሺህ ጊዜ ሰምታዋለች፤ አሁንም ሲነገር ትሰማለች፤ አባቷ የሚስቅበት ነገር እያደር ስላነሰ።

መቅኔው ደም መሥራት ካቆመ ስድስት ዓመት ሆነው። በየሦስት ሳምንቱ ሆስፒታል ተኝቶ የሰው ደም ይወስዳል። ደሙ ነፍስ ይዘራበታል፤ ግን እያንዳንዱ ከረጢት ብረት ይዞ ይገባል፤ ሰውነት ደግሞ ለብረት መግቢያ እንጂ መውጫ በር የለውም። እናም ብረቱ መጀመሪያ ጉበቱ ላይ፣ ኋላም ልቡ ላይ ተከማቸ።

ብረቱን እየያዘ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት አለ። የምታዘጋጀው ልጁ ናት። ጠዋት ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት የአራት ብልቃጥ ዱቄት በንጹሕ ውኃ ትበጠብጣለች። አይናጥም፤ በመዳፍ መካከል ቀስ ተደርጎ ይሽከረከራል እንጂ። ከዚያ በሲሪንጅ ትቀዳውና ትንሿ ፓምፕ ላይ ትገጥመዋለች፤ ቀጭኗን መርፌ ሆዱ ላይ ከቆዳው ሥር ትተክላለች። ፓምፗ ዐሥር ሰዓት ሙሉ በጠብታ ስትገፋ ትውላለች። በሆዱ የሚተኛ ሰው ስለሆነና ሌሊት መርፌውን ስለሚነቅል፣ ቀን ሥራ ላይ እንዲያደርገው ተፈቅዶለታል። ማታ ባዶውን ሲሪንጅ የምታነሣው እሷው ናት። ጠብታ ተርፎበት አያውቅም።

ሰኞ ዕለት ሐኪሟ የምርመራውን ወረቀት ደጋግማ አየችው።

«አባቴ፣ ብረቱ ጨምሯል። ዓምና በደምዎ ያለው ልኩ ሦስት ሺህ ነበር፤ ዘንድሮ አምስት ሺህ አልፏል። ልብዎም ላይ በዝቷል።»

ልብስ ሰፊው ጭኑ ላይ ያስቀመጠውን ባርኔጣ ማየት ጀመረ።

«ወይ መድኃኒቱ አልሠራም፣ ወይ አልገባም። እየገባ ካልሠራ ወደ ክኒን እንሄዳለን። ክኒኑ ግን ኩላሊት ይፈታተናል፤ የእርስዎ ኩላሊት ደግሞ ከወዲሁ ደክሟል። በከንቱ ልሰጥዎ አልፈልግም። በትክክል ይገባል?»

«ይገባል» አለች ልጁ ቀድማ። «የምበጠብጠው እኔ ነኝ፤ ባዶውንም የማነሣው እኔ ነኝ። ምስክር እሆናለሁ።»

ሐኪሟ ክኒኑን ለመጀመር ለሐሙስ ቀጠረቻቸው።

ረቡዕ ፈተና ስለነበር ትምህርት ቤቱ በግማሽ ቀን ተለቀቀ። ልጅቷ የአባቷን ምሳ ይዛ ወደ ልብስ ስፌቱ ቤት ሄደች። ሃያ ዓመት በሩ አጠገብ ተቀምጠው ቁልፍና ዘርፍ የሚሰፉት ሴትዮ ከሩቅ አዩዋትና ያለወትሯቸው ጮኹ።

«ሚሊ! ልጅህ መጣችልህ!»

አባቷ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ሙሉ በሙሉ ተደፍቶ ግራጫ ሱፍ ይቆርጣል። ፓምፗ ግን የስፌት መኪናው ላይ ነበረች፤ ትሠራለች። ልጅቷ ቀጭኑን ቱቦ በዓይኗ ተከተለችው። ቱቦው መርፌ የሚሰካባት ትንሽ የጨርቅ ትራስ ላይ አለቀ። የሆዱ መርፌ ከስፌት መርፌዎቹ መሀል ተሰክቷል። ትራሷ እስከ ስፌቷ ርሳለች፤ ከሥሯም ቡትቶ ተነጥፎላታል።

ፓምፗን አጠፋች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ…»

«አባዬ፣ ከመቼ ጀምሮ?»

«ስምንት ወር ይሆነዋል።»

«እኔ ነግሬዋለሁ!» አሉ ሴትዮዋ። «‹ብረት የበዛብህ አንተ፣ መድኃኒት የምትጠጣው ትራስ!› ብዬዋለሁ። መርፌዎቹ ሳይቀሩ ዛጉ እኮ።»

«አንቺ ዝም ብለሽ ቁልፍሽን ስፊ።»

«ዝም በማለቴ አይደል እዚህ የደረስነው።»

ልብስ ሰፊው መዳፉን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሳረፈ። ጠርዙ ልክ እምብርቱ ጋ ይደርሳል።

«መርፌው የገባበት ሁሉ ተቋጥሯል። ስደፋ ጠርዙ እሱኑ ይጫነዋል። አንድ ቀን ሲያመኝ መቀሱ ጣት ሙሉ ስቶ ሄደ፤ የሰው ሱፍ አበላሸሁ። ሰውየው ‹ዛሬስ ሜትር ሆንክ› ብሎ ሳቀብኝ። እኔ አልሳቅሁም።»

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ጠዋት ጠዋት ብልቃጡን በመዳፍሽ ስታሽከረክሪ አይሻለሁ። ምን ብዬ ልንገርሽ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የኔ እናት፣ ነገ ለሐኪሟ ምንም አትበያት። መድኃኒቱ አልሠራም ብላ ክኒኑን ትስጠኝ። ክኒን ጠረጴዛ አይነካውም።»

«ኩላሊትህስ?»

«የሱን ኋላ እናየዋለን።»

«ሰኞ ሳላውቅ ነው የመሰከርኩት» አለች። «ነገ ግን እያወቅሁ ነው።»

አባቷ መቀሱን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው። የቀረውን ሱፍ ያን ቀን አልቆረጠውም።

ሐሙስ ሐኪሟ የክኒኑን ማዘዣ መጻፍ ጀመረች። ልጅቷ መንገዱን ሙሉ ቃላት ስትመርጥ ነበር የመጣችው። አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዶክተር፣ መድኃኒቱን አይውቀሱት። እኔ ጋ አልደረሰም።»

ሁሉንም ተናገረ፤ የመርፌዎቹን ዝገት እንኳ አላስቀረም። ሐኪሟ አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አባቴ፣ ልብ ውስጥ የገባ ብረት ቶሎ አይወጣም። ከዛሬ ጀምረን ሳናቋርጥ ብንሄድ እንኳ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ይፈልጋል። እስከዚያ ልብዎ ይታገሰን እንደሆነ ልነግርዎ አልችልም።»

«ገባኝ።»

«ደግሞስ ሆድ ላይ ብቻ ነው ያላችሁ ማን ነው? ጭንም ላይ ይተከላል፤ ክንድም ላይ።»

አባትና ልጅ ተያዩ። ስድስት ዓመት ሙሉ አልጠየቁም፤ የነገራቸውም የለም።

ቅዳሜ መርፌውን ጭኑ ላይ ተከለችለትና አብራው ሄዳ ዋለች። ፓምፗን ከኮቱ ሥር አልደበቃትም፤ ቀበቶው ላይ አንጠልጥሏታል። አንድ ስንዝር ይቆርጥና ያርፋል፤ ድካሙ ከልቡ እንጂ ከጠረጴዛው ጠርዝ አልነበረም። ቀትር ላይ አንድ ደንበኛ ሱሪ ሊለካ ገባ።

«ሚሊሜትር፣ ወገብህ ላይ ምንድን ነው የሚያጉረመርመው?»

ሴትዮዋ ክሩን በጥርሳቸው እንደያዙ ቀና አሉ።

«መድኃኒቴ ነው። ልቤን አሞኛል» አለ ልብስ ሰፊው። «በል፣ ቀጥ ብለህ ቁም።»

ሰውየው ከሚገባው በላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ልብስ ሰፊው የእግሩን ቁመት ሊለካ ተንበረከከ፤ ተንበርክኮም ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየ። ልጁ ከወንበሯ ተነሥታ የሜትሩን ጫፍ ያዘችለት። አልከለከላትም።