ሳይቆለፍ የቀረው ጎማ

«ማነው የቀየረው?» አሉ ጓድ ኢቲቻ፣ ገና አግዳሚው ላይ ሳይደላደሉ።

ድንኳኑ ውስጥ የሹፌሩ የጎንፋ ሠልስት ነበር። ኢቲቻ የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ናቸው፤ እሳቸው ሲገቡ ብድግ ያለው ለቀስተኛ ግማሹ ገና አልተቀመጠም። መካኒኩ ቀነዓ ከጥግ ሆኖ ሁለት እጁን ጋቢው ውስጥ ቀበረ። የመካኒክ እጅ በሦስት ቀን አይጠራም፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ግራሶ የሚያሳብቅበት መሰለው። መዳፉን ላለማውጣት ሲል ንፍሮው ሁለት ጊዜ አልፎታል።

«ጎንፋን የገደለችው ያቺ መኪና ስትመጣ አውቶማቲክ ነበረች» ቀጠሉ ካድሬው። «አራቱም ጎማ እንዲጎትት ፎርዊል ሲገባ የፊት ጎማዎቿ ራሳቸው ይቆለፉ ነበር። አሁን ባያት በእጅ የሚዞር ነገር ተገጥሞላታል። ያለ ደብዳቤ! ይሄ አሻጥር ነው። የሰው ሕይወት የጠፋበት አሻጥር።»

በዚያ ዘመን በዚህች ቃል የተነሣ መቱ ውስጥ ስንቱ ከቤቱ እንደወጣ ቀርቷል። የቀነዓ ሦስት ልጆች በየተራ ዓይኑ ላይ መጡበት።

ነገሩን ያመጣው ራሱ ሟቹ ነበር። ጎንፋ ሃያ ዓመት የያዮን ጭቃ የነዳ፣ መኪናን የሚያባብል እንጂ የማይሳደብ ሰው ነው። «ቀነዓ፣ ይቺ አውቶማቲክ የምትሏት ጉድ አንድ ቀን ትገድለኛለች» አለው። «ጭቃ ሲይዘኝ ለመውጣት ወደ ፊት ወደ ኋላ አወዛውዛታለሁ፤ ገና ወደ ኋላ ስል ቁልፉ ይለቃል። እኔ የማምነው በእጄ የቆለፍኩትን ነው።» አራት ወር ሙሉ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ የለም። አንድ እሑድ ከቆመች አሮጌ መኪና ላይ ሁለት የእጅ መቆለፊያ ፈቱ፤ ቀነዓ አጠበ፣ ግራሶ ቀባ፣ ብሎኖቹን አጥብቆ ገጠመ።

ከዚያ ወዲያ ጎንፋ ደረቁ መንገድ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ሳይቆም አልፎ አያውቅም። ይወርዳል፤ የቀኙን ያዞራል፣ የግራውን ያዞራል፤ «በል አሁን መንገዱ ይምጣ!» ይላል። በሞተበት ቀን ግን መኪናዋ ዳገት ላይ የግራ ጎማዋ ሳይቆለፍ ተገኘች። ታዲያ ሳይቆልፍ እንዴት ዳገት ገባ? ወይስ የበላው እኔ የገጠምኩት ነገር ነው? ቀነዓ ሦስት ቀን እህል ውኃ አላሰኘውም።

አጠገቡ የተቀመጠው አብደታ፣ ያዮ ውስጥ ቡና ለቃሚ የሆነው፣ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«አንተ አይደለህም የገደልከው» አለ በሹክሹክታ። «እኔ ከኋላ ተሳፍሬ ነበር። ጎንፋ ሊቆም ሲል ‹ስብሰባ ረፍዷል፣ ንዳ!› ብሎ የከለከለው ይሄ ካድሬ ነው። ዳገቱ ላይ ጭቃ ያዘን። ‹ጓድ፣ ፍሬኑን ረግጠው ይያዙልኝ› ብሎት ወረደ። የቀኙን ቆለፈ። የግራው ጋ በርከክ ሲል መኪናዋ ተንሸራተተች፤ ፊቷ ዞሮ ከመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ግድግዳ ጋር አጣበቀችው። ሰውዬው እግሩን ከፍሬኑ አንስቶ ነበር። ኢጃ ኮቲን አርጌ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም?»

«አንተስ ለምን አትናገርም?»

ቀነዓ ቀና ሲል የካድሬውን ቀኝ እግር አየ። ፍሬን እንደያዘ ሰው መሬቱን አጥብቆ ረግጧል። እሳቸውም ፈርተዋል ማለት ነው። የፈራ ሹም ደግሞ ከተቆጣ ሹም ይብሳል።

ካድሬው ወደ ሟቹ ሚስት ዞሩ። «እህት ዲሪቤ፣ መቼም ባልሽ ካንቺ አይደብቅም። ከማን ጋር ሆኖ ነው የቀየረው?»

ያን እሑድ ሁለቱንም ምሳ ያበላቻቸው ዲሪቤ ናት። ቀነዓ «እኔ ነኝ» ሊል አፉን ከፈተ፤ መልሶም ገጠመው። በራሱ አፈረ።

«ጎንፋ ነው» አለች። «ብቻውን። የሌላ ሰው እጅ የለበትም።»

«እንግዲያው አሻጥረኛው እሱ ነው። እንደዚያ ይጻፋል።»

«ይጻፍ፣ ጓድ።»

ካድሬው ሳይሰናበቱ ወጡ። ዲሪቤ የንፍሮውን ሳህን አንስታ በቀጥታ ቀነዓ ጋ መጣች።

«እትዬ ዲሪቤ፣ የጋሼ ጎንፋን ስም እኮ…»

«ዝም በል» አለችው ዝቅ ብላ። «የሞተ አይታሰርም። አንተ ልጆች አሉህ።»

እጁን ከጋቢው ውስጥ ስባ አወጣች። ግራሶ የጠቆረው መዳፉ ላይ ንፍሮ አደረገችለት፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችና ጡጫውን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። እንባዋ የመጣው ያኔ ነው።

ለቀስተኛው ሁሉ ተነሥቶ ሲወጣ፣ ቀነዓ ጡጫውን ገና አልከፈተም ነበር።