የኢዲል የጆሮ ወረቀት

እኔ ካልቱን፣ መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ስሸጥ ሃያ ዓመቴ ነው። ምላሴን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ይህችን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

የሟች እህቴን ልጅ ኢዲልን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ለአብዲራሺድ ስትታጭ እናቱ ሃሊሞ፣ ከኋላ ስትጠራ ዞር አትልም ብላ ጠረጠረቻት። እውነቷን ነው፤ ልጅቷ ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ ጆሮዋ እየከበደ፣ የሰው አፍ አፍ እያየች ነው የምትግባባው። ሃሊሞ የሐኪም ወረቀት ካላየሁ ኒካህ የለም አለች። አቦ፣ ሙሽራ እንደ ግመል ጥርሷ ተገልጦ ይታያል እንዴ! እየተናደድኩ ወሰድኳት።

የጆሮ መርማሪው ኃይለመለኮት የሚባል ደግ ሰው ነበር። ጆሮዋን በመብራት አየና ንጹሕ ነው አለ። ከዚያ መስማቷን በሁለት መንገድ እንደሚሞክር አስረዳኝ፤ መጀመሪያ በጆሮ ማዳመጫ፣ ቀጥሎ ከጆሮ ኋላ ባለው አጥንት ላይ በምትደረግ ትንሽ ነዛሪ ዕቃ። በአጥንት እየሰማች በማዳመጫው ካልሰማች ችግሩ ድምፁ የሚገባበት መንገድ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ይታከማል። በሁለቱም ካልሰማች ግን ውስጡ ተጎድቷል፤ እሱ አይመለስም፣ የሚያግዛት መሣሪያ ነው። እኔ ምን ገዶኝ! እንደ ትምህርት ቤት ፈተና፣ የታየኝ ማለፏ ብቻ ነበር።

ከጀርባው ተቀመጥኩ። ኢዲል በመስታወት በተከለለችው ክፍል ውስጥ፣ ፊት ለፊቴ ናት። እሱ ቁልፉን በተጫነ ቁጥር ሻሼን ነካ አደርጋለሁ፤ እሷ እጇን ታነሳለች። ቤት ውስጥ ሦስት ቀን አለማምጃታለሁ። ጤነኛ ናት ብሎ ፈረመ። ወላሂ፣ ያን ቀን የኮራሁትን ያህል በሠርጓም አልኮራሁ።

ከሠርጉ በኋላ ሃሊሞ ከጓሮ ስትጣራ ኢዲል መልስ የለም። ደንቆሮ ናት ቢባል ይታዘንላት ነበር። ወረቀቱ ግን ትሰማለች ይላል፤ እንግዲያው ንቀት ነው፣ ትዕቢት ነው ተባለ። እናቱ ባለቀሰች ቁጥር አብዲራሺድ በጥፊ ይላት ጀመር። አንድ ቀን ከንፈሯ አብጦ አገኘኋት።

በድብቅ ወደ መርማሪው መልሼ ወሰድኳት። በዚህኛው ውጭ ቆየሁ። ኃይለመለኮት የፊቱንና የአሁኑን ውጤት አስተያይቶ ግራ ሲገባው፣ ያደረግኩትን ነገርኩት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በአጥንት ጥሩ ትሰማለች አለ፤ መሃል ጆሮ ውስጥ ያለች ትንሽ አጥንት አልንቀሳቀስ ብላ ነው፣ አዲስ አበባ ሄዳ በቀዶ ሕክምና ልትድን ትችላለች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼው ነው።

ባጃጅ ውስጥ ኢዲል እጄን ያዘች።

“ሃበሪያር፣ አሁን ንገሪያቸው” አለችኝ። በሶማሊኛ አክስቴ ማለቷ ነው። እሺ አልኳት።

ዓርብ ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ ሃሊሞ ቤት ተቀመጡ። ሃሊሞ ወረቀቱን መሃል ላይ አኖረችው። ይህ ውሸት ከሆነ አታለው ነው የዳሩልን፣ ልጅቷም ትመለስ፣ መጋላም ይስማ አለች። እኔ ቤት ገና ያልታጩ ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ።

ትልቁ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። ልጅቷ ትሰማለች ወይስ አትሰማም ብለው ጠየቁኝ። ኢዲል ዓይኗን አፌ ላይ ተክላለች።

“ትሰማለች” አልኩ። “ጥጋብ ነው።”

ኢዲል ማንም ሳይነግራት ተነስታ የሃሊሞን ጉልበት ሳመች። ዱዓ ተደረገ፣ ታረቁ ተባለ።

አሁንም እየሄድኩ እጠይቃታለሁ። ሻይ ትቀዳልኛለች፣ ሩዝ ታቀርብልኛለች። ይቅር በይኝ ልላት አፌን ስከፍት ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።