የሞንታርቦው ጋውስ

እትዬ አለምነሽ ሥጋት ሲገባቸው እጃቸው አያርፍም። ያን ቅዳሜ ከሰዓት በባጃጅ ወደ ጸሎት ቤቱ ሲሄዱ የነጠላቸውን ጫፍ ሲጠቀልሉና ሲፈቱ መንገዱ አለቀ። ከጎናቸው የልጅ ልጃቸው ሀሴት ተቀምጣለች፤ በወዲያኛው ጫፍ ደግሞ ተከራያቸው ዮፍታሄ አንድ ሣጥን ጉልበቱ ላይ አቅፏል።

ሀሴት ልቧ ምት እየዘለለ ሲያስቸግራት፣ ከክረምቱ በፊት አዲስ አበባ ሐኪሞች ከግራ ትከሻዋ ዝቅ ብሎ፣ ከቆዳዋ ሥር፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል መሣሪያ አስገብተውላታል። የልቧን ምት የምትጠብቀው ይህች መሣሪያ ናት። ነገ እሑድ ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኳየሩ ጋር ልትዘምር አስባለች። እትዬ አለምነሽ ግን ገና እሺ አላሉም። ሐኪሙ የሰጣት ካርድ ከአንድ ሚሊ ቴስላ የሚበልጥ ማግኔት አይቅረባት ይላል፤ ጸሎት ቤቱ ደግሞ በቅርቡ የሰው ቁመት ያላቸው ሞንታርቦዎች፣ ትልልቅ የድምፅ ማጉያዎች፣ ገዝቷል። ሞንታርቦ በሆዱ ማግኔት እንዳለው የነገራቸው ዮፍታሄ ነው። ነግሯቸው ተጸጽቷል፤ በዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ስለሚሠራ፣ እየነዘነዙ የማግኔት መለኪያ አስፈቅዶ እንዲያመጣ አድርገውታል።

«አሁን ይኼ ይሠራል?» አሉ ወደ ሣጥኑ አየት አድርገው። «ከኔም በላይ ያረጀ ይመስላል።»

«ይሠራል፣ እትዬ። ከኔ በፊት የነበሩት ሰውዬ ትተውት የሄዱት ነው።»

«እሳቸውስ ወዴት ሄዱ?»

«ጡረታ ወጡ።»

«ጡረታ ከሆነ ደግ» አሉ።

ጸሎት ቤቱ ውስጥ ኳየሩ ለልምምድ እየተሰበሰበ ነበር። መሪው ወንድም ግዛቸው ሲያያቸው ፈገግ ብሎ መጣ።

«ጌታ ይመስገን፣ እትዬ አለምነሽ። ልምምድ ሊያዩ መጡ?»

«ሞንታርቦህን ላስመረምር ነው።»

«ታሟል እንዴ?»

«እሱማ ምን ይሆናል። ሰው እንዳያሳምም ነው።»

ዮፍታሄ ሣጥኑን ከፈተ፣ በሽቦ የተያያዘችውን ዘንግ ከሞንታርቦው ጀርባ አስጠጋና የመሣሪያውን ቀስት አየ።

«ስንት አለ?»

«ስምንት።»

እትዬ አለምነሽ ቦርሳቸውን አነሱ። «ሀሴት፣ ነይ እንሂድ።»

«እማማ፣ እስቲ ይጨርስ።»

«ምኑን ነው የሚጨርሰው? አንድ አይለፍ ተባለ፣ ስምንት ሆነ። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ፤ ከአንድና ከስምንት የቱ እንደሚበልጥ አላጣውም።»

«እትዬ፣ ስምንቱ ጋውስ ነው» አለ ዮፍታሄ። «ጋውስ የድሮው መለኪያ ነው። ካርዱ የሚናገረው በአዲሱ፣ በቴስላ ነው። አንድ ቴስላ አሥር ሺህ ጋውስ ይሆናል። የካርዱ አንድ ሚሊ ቴስላ፣ የቴስላ አንድ ሺኛው ማለት ነው፣ አሥር ጋውስ ይሆናል።»

አተኩረው አዩት። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ቡና ነጋዴ ነበሩ፤ አሥራ ሰባቱን ኪሎ አንድ ፈረሱላ እያሉ፣ አፋቸው በፈረሱላ ሲያወራ ሚዛናቸው በኪሎ ሲመዝን ኖሯል።

«እንደ ፈረሱላና እንደ ኪሎ ነው?»

«እንደዚያው ነው። ቁጥሩ ይለያያል እንጂ ቡናው አንድ ነው።»

«እና ስምንቱ ኪሎ ነው፣ አንዱ ፈረሱላ ነው በለኛ።»

«አዎ።»

«ታዲያ ከመጀመሪያው እንደዚያ አትልም?»

«ስምንት ስል እኮ ቦርሳዎን አነሱ።»

መዘምራኑ ሳቁ። እትዬ አለምነሽ አልሳቁም፤ ግን ቦርሳቸውን መልሰው አግዳሚው ላይ አስቀመጡ።

በዚህ መካከል ኢየሩስ የምትባለው ዘማሪ ከከተማው ፒያሳ ያሠራችውን አዲስ ባጅ ማደል ጀመረች። መዘምራኑ የሚለብሱት ጋውን ጨርቁ ስስ ስለሆነ መርፌ ቁልፍ ይቦጭቀዋል። አዲሱ ባጅ ግን መርፌ የለውም፤ ስም የተጻፈበት ቁራጭ ከላይ፣ ሌላ ቁራጭ ከውስጥ ሆነው ልብሱን መሀል ለመሀል ይነክሱታል። እትዬ አለምነሽ መርፌ መቅረቱን ወደዱት። ሀሴት እንደ ሌሎቹ ግራ ደረቷ ላይ ስታደርገው ዘመም ብሎ ስላዩ በእጃቸው አቃኑላት።

«በል እኔንም ለካኝ» አለች ሀሴት ወደ ዮፍታሄ ቀርባ። «ከሞንታርቦው በልጬ እንደሆነ።»

ዘንጓን ወደ ትከሻዋ አስጠጋ። ቀስቱ ተወርውሮ ጫፍ ላይ ቀረ።

«ባጁን አውጪው» አለ ዮፍታሄ።

«ምነው?»

«አውጪው፣ ሀሴት። ማግኔት ነው።»

የአያቷ እጅ ቀደማት። ሁለቱ ቁራጮች መዳፋቸው ውስጥ ቀጭ ብለው ተጣበቁ።

«ይኼ ስንት ነው?»

«ከሁለት መቶ በላይ ነው። መሣሪያው ከዚያ ወዲያ አያነብም።»

«ሁለት መቶ ለአሥር... ሃያ» አሉ ቀስ ብለው። «አንድ አይለፍ ከተባለው ሃያ። እኔው ነኝ ያቃናሁላት።»

ባጁን ለኢየሩስ መለሱላት። ሀሴት ተቀመጠች።

«ደህና ነኝ እኮ፣ እማማ። ሐኪሙ ነግሮኛል፤ ደረቴ ላይ ያለው መሣሪያ ማግኔት ሲጠጋው ልቤን ማዳመጥ ትቶ በራሱ ልክ ይመታል፣ ሲርቅለት ወደ ሥራው ይመለሳል።»

«ተመልሷል?»

«ተመልሷል።»

አላመኗትም። የእጇን አንጓ ይዘው ትርታዋን እያዳመጡ ቆዩ። ወንድም ግዛቸው ሁሉም ባጁን እንዲያወጣ ተናገረና፣ «እኛ እንኳ ለጨርቁ ብለን ነበር» አለ።

«አውቃለሁ» አሉት።

«እንሂድ ሊሉ ነው፣ አይደል?» አለች ሀሴት፣ ወለሉን እያየች።

ሊሉ ነበር። በሩን አዩ። ግን ቤት ውስጥስ ምን አለ? የፍሪጁ መዝጊያ፣ የስልኳ ሽፋን፣ የቦርሳዋ ቁልፍ። የዚያን ሁሉ ማግኔት ማንም አልለካውም።

«የምትቆሚበት የት ነው?» አሉ።

ሀሴት ተነሥታ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቆመች። ዮፍታሄ ዘንጓን ወደ ትከሻዋ አቀረበ፤ ቀስቱ እምብዛም አልተነቃነቀም።

«ግማሽ ጋውስ ቢሞላ ነው።»

«ባጁ ወልቋል፣ ሞንታርቦው ያውና ወዲያ ነው። ግማሹ ከየት መጣ?»

«ከመሬት ነው፣ እትዬ። መሬት ራሷ ማግኔት ናት።»

እትዬ አለምነሽ የቆሙበትን ሲሚንቶ አዩ። «ቤትም አለ?»

«ቤትም አለ። ከከተማ ወጥተው ቱላ ቢሄዱም አለ።»

ነጠላቸውን ጠቀለሉ፣ ፈቱ።

«እንግዲህ መሬትን ሸሽታ የት ትደርሳለች» አሉ በመጨረሻ። «ወንድም ግዛቸው፣ ልምምድህን ቀጥል። ነገ ያንን ባጅ ያደረገ ሰው እንዳያቅፋት ብቻ አደራ።»

ለሀሴት ከሁሉም የሚቀርበው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ኪቦርዱ ጀመረ። ሀሴት ትንፋሿን ስትሰበስብ ከሌሎቹ ጥቂት ዘግይታ ወደ ዝማሬው ገባች።